ኮሌክሽን የገባ የአሜሪካ ሆስፒታል ቢል፦ ብር ከማሰባሰባችሁ በፊት

አንድ ማታ ዳላስ ያለችው እህቴ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። የመኪናዋ መሪ ላይ ያስደገፈችው ደብዳቤ ነው። ግማሹ ተጨማድዷል። ከላይ ስሟ፣ ከታች 2,340 ዶላር፣ መሃል ላይ እኔም እሷም ሰምተነው የማናውቅ ድርጅት ስም። ከሥሩ "ክሬዲቴ ላይ ገብቷል፣ አበቃልኝ" ብላ ጽፋለች።

ጥፋቴ ፎቶውን እማዬ አጠገብ ሆኜ መክፈቴ ነው። እማዬ ዕዳ የሚባል ነገር ስትሰማ እንቅልፍ የላትም። በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን ደርባ ልትወጣ ስትል አገኘኋት፤ የእቁቡ ዳኛ ጋ ሄዳ ዕጣዬን አስቀድሙልኝ ልትል ነው። እዚህ ሐዋሳ ከአሜሪካ ሲላክልን እንጂ ወደ አሜሪካ ስንልክ አይተን አናውቅም፣ ግን ልጄ ተጨነቀች ያለች እናት ምን ይመልሳታል።

ደግነቱ አልላክንም። ከዚያ ሁሉ ዶላር የእህቴ የነበረው 180 ብቻ ሆኖ ተገኘ። እንዴት እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ዘመዳችሁ እንዲህ ያለ ፎቶ ሲልክላችሁ ምን ማድረግ እንዳለበትም አብሬ።

መጀመሪያ ነገሩ ራሱ ይግባን። እኛ ጋ የግል ሆስፒታል ስትሄዱ ካርድ ታወጣላችሁ፣ የምትተኙ ከሆነ ማስያዣ ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ ነው ሐኪም የምታዩት። አሜሪካ ድንገተኛ ክፍል ተገላቢጦሽ ነው። በ1986 በወጣ ሕግ ድንገተኛ ክፍል የመጣን ሰው አቅሙን ሳይጠይቁ መርምረው ማረጋጋት አለባቸው። ሂሳቡ ከሳምንታት በኋላ በፖስታ ይመጣል። ያውም አንድ ሆኖ አይመጣም፤ የሆስፒታሉ ለብቻ፣ የሐኪሙ ለብቻ፣ የላቦራቶሪው ለብቻ። ቤት የቀየረ ሰው ደግሞ አንዱ ፖስታ አሮጌው አድራሻ ላይ ይቀርበታል። ሳይከፈል ሲቆይ ሆስፒታሉ ዕዳውን ለሰብሳቢ ድርጅት ይሰጠዋል ወይም ይሸጠዋል። "ኮሌክሽን ገባ" የሚሉት ይሄንን ነው።

ክሬዲት ሪፖርት ደግሞ እንደ ሰፈር ሱቅ የዱቤ ደብተር አድርጋችሁ አስቡት። ልዩነቱ፣ ደብተሩን ባለሱቁ ብቻ አይደለም የሚያየው። ቤት አከራዩ ያየዋል፣ መኪና ሻጩ ያየዋል፣ ባንኩ ያየዋል። ደብተር ያዦቹ ሦስት ናቸው፤ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያን እና ትራንስዩኒየን። አንዱ ላይ ያለው ሌላው ላይ ላይኖር ይችላል፣ ስለዚህ ሦስቱንም ማየት ግድ ነው። "አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም" የሚባለው ገጽ ላይ በየሳምንቱ በነፃ ይወጣል። ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ከገጠማችሁ ተሳስታችኋል፣ ውጡ። ሪፖርቱን የሚያወጣው ባለቤቱ ራሱ ይሁን። እናንተ ጋ የሚልከው ከሆነ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን (እዚያ እንደ መታወቂያ የሚያገለግለውን የመንግሥት ቁጥር) ሸፍኖ ይላክ፤ ቴሌግራም ላይ ያ ቁጥር ሲንከራተት ማየት አልወድም።

ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ ሦስት ነገር እዩ። ዕዳው መጀመሪያ ሲመዘገብ ከ500 ዶላር በታች ነበር? አንድ ዓመት አልሞላውም? ተከፍሏል? ለአንዱ መልሱ አዎ ከሆነ ሪፖርቱ ላይ መኖር የለበትም። ሦስቱ ድርጅቶች ራሳቸው ናቸው እንዲህ የወሰኑት። የተከፈለውን ማንሳትና አንድ ዓመት መጠበቅ የጀመሩት በሐምሌ 2022 ነው፣ ከ500 በታች የሆነውን ያወጡት በ2023። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ይሄ የቀን አቆጣጠር ነገር ወደ በኋላ ይመጣል፣ ያዙልኝ።)

አንድ ወሬ ደግሞ ላጥራ። "የሕክምና ዕዳ ከክሬዲት ላይ ሙሉ በሙሉ ቀርቷል" የሚል ቪዲዮ ብዙ ሰው ተቀባብሎታል። መነሻ አለው። የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ የሚባለው የፌደራል መሥሪያ ቤት በጥር 2025 እንዲህ ያለ ደንብ አውጥቶ ነበር። በሐምሌ 2025 ቴክሳስ ያለ የፌደራል ፍርድ ቤት ሻረው። እንደ ኒውዮርክና ኮሎራዶ ያሉ ስቴቶች የራሳቸው ሕግ ስላላቸው የሚኖሩበትን ስቴት ማየት ያስፈልጋል። የእህቴ ቢል ግን ከ500 በላይ ነው፣ ዓመት አልፎታል፣ አልተከፈለም። በሦስቱም መንገድ አላመለጠችም።

ስለዚህ ደብዳቤ ጻፍን። ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ እዚህ ላይ ቀስ በሉ።

ዕዳ ሰብሳቢው መጀመሪያ ባናገራችሁ በአምስት ቀን ውስጥ ዕዳው የማን እንደሆነና ስንት እንደሆነ የሚገልጽ ማስታወቂያ መላክ አለበት። ማስታወቂያው ከደረሰ በኋላ 30 ቀን አለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ከተቃወማችሁት ማስረጃ እስኪልክ ድረስ መሰብሰቡን ማቆም አለበት። ስልክ ላይ መጨቃጨቅ አይቆጠርም። ስልክ ላይ ጭራሽ "አዎ የኔ ነው፣ በሚቀጥለው ወር እከፍላለሁ" ማለት የለም፤ የኛ ሰው ይሉኝታ ይዞት የሚጠመደው እዚህ ጋ ነው። ፈረንጁ በትህትና ሲያናግረው አፍሮ ቃል ይገባል።

ደብዳቤው አጭር ነው። እህቴ በእንግሊዝኛ የላከችው ወደ አማርኛ ሲመጣ ይሄን ይመስላል፦ "ስለዚህ ዕዳ የላካችሁት ማስታወቂያ ደርሶኛል። ዕዳውን አላመንኩበትም። ሕክምናው የት እና መቼ እንደተሰጠ፣ ዋናው ባለገንዘብ ማን እንደሆነ፣ ገንዘቡ እንዴት እንደተሰላ የሚያሳይ ማስረጃ ላኩልኝ። እስክትልኩ ድረስ መጠየቃችሁን አቁሙ።" አራት መስመር። ልመና የለ፣ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ማስረዳት የለ። ፖስታ ቤት ሄዳ በሰርቲፋይድ፣ ተቀባዩ ፈርሞ ደረሰኙ እንዲመለስላት አድርጋ ላከችው። ያቺ ደረሰኝ ወርቅ ነች። ፎቶ አንሱና አስቀምጡ።

30 ቀኑ ቢያልፍም ጻፉ። መሰብሰብ የማቆም ግዴታው ይላላል እንጂ መጠየቅ አይከለከልም።

ደብዳቤው መንገድ ላይ እያለ ሆስፒታሉ ጋ ደወልን። እኔ ከዚህ በቴሌግራም ሆኜ፣ እሷ እዚያ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ። እዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን፣ ዓሣ ሊበላ የወጣው ሰው ከአሞራ ገደል በባጃጅ ሲመለስ፣ ዳላስ ገና ጠዋት ነው፤ ቢሮው እንደተከፈተ ደወላችሁ ማለት ነው። እንግሊዝኛ የሚከብደው ሰው "አማርኛ አስተርጓሚ" ብሎ ይጠይቅ። ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለባቸው። ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም፣ የአሥር ዓመት ልጁን ያስተረጉማል።

ሁለት ነገር ጠየቅን። አንደኛ ዝርዝር ቢል፤ ድምሩን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ መርፌና ምርመራ ስንት እንደተባለ የሚያሳየውን። ሁለተኛ ኢንሹራንሱ ምን ብሎ መለሰ የሚለውን። ኢንሹራንሱም የራሱን ወረቀት ይልካል፣ "ኢኦቢ" ይሉታል። ቢል ይመስላል ግን ቢል አይደለም። ሆስፒታሉ ስንት ጠየቀ፣ ኢንሹራንሱ ስንት ከፈለ፣ ታካሚው ስንት ይቀረዋል የሚለውን ነው የሚያሳየው።

የእህቴ ኢንሹራንስ መልስ አስቂኝ ነበር። "እንዲህ ያለ ሰው አናውቅም።"

ለካ ያን ሌሊት በኩላሊት ጠጠር ስትንፈራገጥ ፎርሙን የሞላላት ያደረሳት ጎረቤታችን ነው። አሜሪካ ከገባ ገና አራት ወሩ ነበር። የትውልድ ዓመቷን ስትነግረው በሐበሻ 1984 አለችው፣ እሱም 1984 ብሎ ጻፈ። ኢንሹራንሷ ላይ ያለው 1992 ነው። በአንድ ሌሊት ስምንት ዓመት አረጀች። በዚያ ላይ በመጨረሻ ስም ቦታ የአያታችንን ስም ሞልቶታል፣ ካርዷ ላይ ግን የመጨረሻ ስሟ የአባታችን ነው። ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ? አላውቃትም አለ፣ ቢሉ በሙሉ እሷ ላይ ወደቀ።

ይሄ ለኛ ሰው ብርቅ አይደለም። የአያት ስም፣ የዘመን አቆጣጠር፣ "ፀ"ን አንዱ በሦስት ፊደል ሌላው በሁለት መጻፉ። ስለዚህ ከምንም በፊት ቢሉ፣ የኢንሹራንስ ካርዱና ክሬዲት ሪፖርቱ ላይ ያለውን ስምና ልደት ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። የሌላ ሰው ዕዳ፣ ሞክሼ ስለሆናችሁ ብቻ፣ እናንተ ላይ ተለጥፎም ሊሆን ይችላል። እህቴ የካርዷንና የመንጃ ፈቃዷን ኮፒ ላከች፣ ሆስፒታሉ ቢሉን አስተካክሎ ለኢንሹራንሱ በድጋሚ አቀረበው፣ ከሰብሳቢውም መልሶ ወሰደው። 180 ዶላር ቀረባት፣ ከፈለች።

ኢንሹራንስ የሌለው ሰውስ? ለእሱ ደግሞ "ፋይናንሻል አሲስታንስ" የሚለውን ቃል አስጠኑት። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች፣ ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ቢል የሚቀንሱበት ወይም የሚሰርዙበት በጽሑፍ የሰፈረ አሠራር እንዲኖራቸው የታክስ ሕጉ ያስገድዳቸዋል። ማመልከቻ ለማስገባት ከመጀመሪያው ቢል ጀምሮ ቢያንስ 240 ቀን አለ። በመጀመሪያዎቹ 120 ቀናት ደግሞ ዕዳውን ክሬዲት ላይ ማስመዝገብ አይችሉም። ፎርሙ ሆስፒታሉ ገጽ ላይ አለ፣ የደመወዝ ወረቀት ይጠይቃል። ማንም ጠርቶ አይሰጣችሁም፣ መጠየቅ ነው።

ስህተቱ ከታወቀ በኋላ ደብተር ያዦቹ ጋ መሄድ ይቀራል። ዕዳው የሚታይበት ድርጅት ሁሉ ጋ ለየብቻ መቃወሚያ ይገባል። ምን እንደተሳሳተ በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ከሥሩ ማስረጃ፣ ኮፒ እንጂ ዋናውን አትላኩ። አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርተው መመለስ አለባቸው። "አጣርተናል፣ ትክክል ነው" ብለው ከመለሱና ወረቀቱ ግን እጃችሁ ላይ ካለ፣ ለዚያው ለሸማቾች ጥበቃ ቢሮ በኢንተርኔት አቤቱታ ማስገባት ይቻላል፤ በነፃ ነው።

ዕዳው እውነትም የሰውየው ከሆነስ? ያኔም ቢሆን አትጣደፉ። ከሰብሳቢው ጋር ዋጋ መደራደር ያለ ነገር ነው፣ መርካቶ ብቻ አይደለም ክርክር ያለው። በአንዴ ይሄን ያህል ልክፈልና ይዘጋ በሉ፣ ከተስማማ ቀሪው ዜሮ እንደሚሆን በጽሑፍ ይላክ፣ ወረቀቱ ሳይመጣ አንድ ዶላር አይውጣ። የተከፈለ የሕክምና ኮሌክሽን ከሦስቱም ላይ እንደሚነሳ ከላይ ብያለሁ። በክሬዲት ካርድ መክፈል ግን የማልመክረው ነገር ነው። ካርድ ላይ ከሄደ በኋላ የሕክምና ዕዳ መሆኑ ይቀራል፣ ተራ የካርድ ዕዳ ይሆናል፣ ወለዱም አብሮ ይመጣል፣ ከላይ የዘረዘርኩት ከለላም የለም።

የቆየ ዕዳ ከሆነ ደግሞ "ለጊዜው ሃያ ዶላር ልስጣቸውና ይተውኝ" ማለት አደገኛ ነው። ፍርድ ቤት የሚከሱበት ጊዜ በየስቴቱ ገደብ አለው፣ በብዙ ቦታ ትንሽ ክፍያ ያን ጊዜ እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። ክሬዲት ሪፖርት ላይ የሚቆይበት ሌላ ነው፣ እሱ ወደ ሰባት ዓመት ነው። የፍርድ ቤት ወረቀት ከመጣ ግን መሳቢያ ውስጥ አይገባም። በተጻፈው ቀን ውስጥ መልስ ያልሰጠ ሰው ሳይከራከር ይፈረድበታል።

ለእናቶቻችንም የምለው አለኝ። የሆስፒታል ዕዳ አለበት ተብሎ ሰው አይታሰርም። "ፖሊስ እንልካለን" የሚል ሰብሳቢ ሕግ እየጣሰ ነው። ሰብሳቢ ስለ ዕዳው ከእናት፣ ከወንድም፣ ከጎረቤት ጋር ማውራትም አይችልም። በዋትሳፕ ሐዋሳ ድረስ ደውሎ "ልጅሽ ዕዳ አለባት፣ ክፈይ" የሚል ካለ ስልኩን ዝጉበት። ለባለዕዳዋም ቢሆን መደወል የሚችሉት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 3 ሰዓት ነው፣ ለአንድ ዕዳ በሳምንት ከሰባት ጊዜ በላይ ከደወሉም ጥሰት ነው የሚባለው።

ከተነሳ በኋላም ከአንድ ሁለት ወር ቆይታችሁ ሪፖርቱን ድጋሚ አውጡ። አንዱ ሰብሳቢ የተወውን ሌላው ገዝቶ በአዲስ ስም ሊመጣ ይችላል። ከመጣ ያችኑ አራት መስመር፣ ከቀድሞው መልስ ኮፒ ጋር፣ በሰርቲፋይድ። እህቴ አንድ የፕላስቲክ ፋይል አላት፣ ደረሰኞቹ ሁሉ እሱ ውስጥ ናቸው። እማዬ ደግሞ የእቁቡ ዕጣ በወረፋው ሲደርሳት ፍሪጅ ገዛችበት።