አሥር ዕቃ ሳትገዙ የኮሪያን የፊት አጠባበቅ መከተል

ስለ ኮሪያ የፊት አጠባበቅ ሲነሳ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚታየው የአሥር ጠርሙስ ድርድር ነው። «አሥሩ ደረጃ» የገነነው ግን በውጭ ገበያ ነው፤ በሴኡል ጠዋትና ማታ አሥሩንም የሚቀባ ሰው ጥቂት ነው። እንዲያውም የማያስፈልገውን ዕቃ እየቀነሱ መሄድ «ስኪፕ ኬር» የሚል ስም ወጥቶለት እዚያው ኮሪያ ውስጥ ፋሽን ሆኗል። ቁጥሩን ተዉትና ሐሳቡን ውሰዱ፦ ሳይፈትጉ ማጠብ፣ የቆዳን ውኃ ማቆየት፣ ፀሐይን መከላከል። የቀረው ሁሉ ተጨማሪ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የቆዳ የላይኛው ሽፋን ከወረቀት የሳሳ ነው። የሞቱ ሕዋሳት እንደ ጡብ ተደርድረዋል፣ በመካከላቸው ያሉት ሴራማይድና ሌሎች ቅባቶች ደግሞ እንደ ጭቃ አያይዘዋቸዋል። ጭቃው በጠንካራ ሳሙና ወይም በስክራብ (ፍርፋሪ ባለበት መፈተጊያ) ሲታጠብ ውኃ ከውስጥ ይተናል፣ የሚያቆጣ ነገርም ከውጭ ይገባል። ያኔ የሚቀባ ውድ ሴረም (ለአንድ ችግር ተብሎ የሚቀባ ቀጭን ፈሳሽ) ማቃጠል ነው ትርፉ።

ቆዳችሁ ምን ዓይነት ነው?

ማታ ፊታችሁን በለስላሳ መታጠቢያ ታጠቡ፣ አድርቁ፣ ምንም ሳትቀቡ 1 ሰዓት ቆዩ። ከዚያ ሶፍት ግንባር፣ አፍንጫና ጉንጭ ላይ ጫን አድርጉ። ሁሉም ቦታ ወዝ ከያዘ ወዛም ነው፤ ግንባርና አፍንጫ ላይ ብቻ ከሆነ ድብልቅ፤ ሶፍቱ ንጹሕ ሆኖ ፊታችሁ ከተወጠረ ደረቅ ነው። ከታጠባችሁ በኋላ የሚለበልብ ወይም የሚያሳክክ ከሆነ፣ ዓይነቱ ምንም ይሁን ቶሎ የሚቆጣ ቆዳ አላችሁ ማለት ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ፊቱ ያብረቀርቃል፣ ግን ይወጠራል። ኮሪያውያን ይህን ዓይነት ቆዳ «ሱቡጂ» ይሉታል፤ ወዝ ሞልቶት ውኃ የጎደለው ማለት ነው። ባለቤቱ ወዙን አይቶ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይታጠባል፣ ክሬም ይፈራል። በታጠበ ቁጥር ቆዳው ይበልጥ ውኃ ያጣል፣ መወጠሩም ይብሳል፤ ወዙ ግን ከጥቂት ሰዓት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። መፍትሔው እጥበቱን ወደ ሁለት ጊዜ ዝቅ አድርጎ ቀላል ጄል ክሬም መጀመር ነው።

እጥበት፦ ማታ ሁለቴ፣ ጠዋት በቀስታ

ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) ወይም ሜካፕ የዋለበት ፊት ማታ በሁለት ዙር ይታጠባል። ቅባትን የሚያሟሟው ቅባት ስለሆነ መጀመሪያ የፊት ማጽጃ ዘይት ነው የሚገባው። እጅም ፊትም ደረቅ መሆን አለበት። አንድ የሻይ ማንኪያ የሚሆን ዘይት በመዳፍ አሙቃችሁ ለ1 ደቂቃ ያህል በቀስታ አሹት፤ የአፍንጫ ጎንንና የፀጉር መነሻን አትርሱ። ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ነው፦ እጃችሁን በትንሹ አርጥባችሁ እንደገና አሹት። ዘይቱ ወዲያው ነጥቶ ወተት ይመስላል። ቢያንስ ለ20 ሰከንድ እንደዚያ ካሻችሁ በኋላ ነው የሚለቀለቀው። ሳይነጣ በውኃ ብትለቀልቁት ስስ የዘይት ሽፋን ፊት ላይ ይቀራል፤ ብዙውን ጊዜ «የኮሪያ ዘይት ፊቴን አፈነዳው» የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው። የምግብ ዘይትም አይተካውም፤ ከውኃ ጋር የሚያዋህደው ነገር ስለሌለበት አይነጣም፣ አይለቅምም።

ሁለተኛው ዙር ውኃ ላይ የተመሠረተ ጄል ወይም አረፋ ነው። የባቄላ ፍሬ የምታህል በመዳፋችሁ አረፋ አስመቷት፣ ለ30 ሰከንድ ያህል ፊት ላይ አዳርሱ፣ ለብ ባለ ውኃ ለቅልቁት። የቆዳ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 5 አካባቢ ነው፤ ተራ ሳሙና ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። ከሳሙና በኋላ ፊት ሲንጨጨጭ ጸዳሁ ያሰኛል እንጂ ጭቃው መታጠቡን ነው የሚናገረው። ፒኤቹ ከ5 እስከ 6 የሆነ መታጠቢያ ፈልጉ። በፎጣ አትፈግፍጉ፣ ጫን ጫን አድርጉ።

ሰንስክሪንም ሜካፕም ካልዋለ አንድ ዙር ይበቃል። ጠዋት ደረቅ ቆዳ ያለው ሰው በውኃ ብቻ መታጠብ ይችላል።

ውኃውን ማቆየት

ከእጥበት በኋላ የሚቀባው ቀጭን ፈሳሽ፣ ቶነር፣ በኮሪያ በተለምዶ «ስኪን» ይባላል። አልኮል የበዛበትን የሚያቃጥል ፈሳሽ እርሱት፤ ይህኛው ቆዳን የሚያርስ ነው። ፊት ገና እርጥብ ሳለ ትንሽ መዳፍ ላይ ጠብ አድርጋችሁ በጥጥ ሳይሆን በእጅ ጫን ጫን አድርጉት። አንድ ወፍራም ከመቀባት ሁለት ስስ ይሻላል። ሰባት ጊዜ የሚደራርቡም አሉ፤ ለአብዛኛው ፊት ጊዜና ገንዘብ ማባከን ነው።

ከዚያ ክሬም። ያለ ክሬም ሃያሉሮኒክ አሲድ (ውኃ የሚይዝ ንጥረ ነገር) ብቻ ቀብታችሁ አየሩ ደረቅ ከሆነ ውኃው ተንኖ ፊታችሁ ይበልጥ ይወጠራል። ለወዛም ጄል ክሬም፣ ለደረቅ ሴራማይድ ያለበት ወፈር ያለ ክሬም ይስማማል። ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ ከቀጭን ወደ ወፍራም ነው። የሺት ማስክ (ፈሳሽ የተነከረ የፊት ጨርቅ) ከወደዳችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ፊት ላይ እስኪደርቅ አትጠብቁት።

ሰንስክሪን

ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ አይቀርም። በኮሪያ ዕቃ ላይ ሁለት ነገር ታያላችሁ፦ ኤስፒኤፍ ቆዳ ከሚያቃጥለው ጨረር መከላከሉን ይለካል፣ የፒኤ ፕላሶች ደግሞ ቆዳን ከሚያስረጀውና ከሚያጠቁረው። ፒኤ++++ ትልቁ ነው።

ቁጥሩ የሚሠራው ግን መጠኑ ሲሟላ ነው። ልኬቱ የሚወሰደው በአንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር 2 ሚሊግራም ተቀብቶ ነው። በቤት ቋንቋ፦ በሌባ ጣትና በመሃል ጣት ርዝመት ሁለት መስመር፣ ለፊትና ለአንገት። ብዙ ሰው ከዚህ ግማሹን እንኳ አይቀባም፤ ከዚያ «ኤስፒኤፍ 50 ብቀባም ጠቆርኩ» ይላል። ውጭ የምትውሉ ከሆነ በየ2 ሰዓቱ ድገሙት።

ጥቁር ቆዳ ላይ አመድ የሚመስል ነጭ ሽፋን የሚተወው ዚንክ ኦክሳይድና ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። እነዚህ የሌሉበትን ወይም ቀለም ያለውን ምረጡ። ማድያት ላለበት ሰው አይረን ኦክሳይድ ያለው ባለ ቀለም ሰንስክሪን ይመረጣል፤ ማድያትን የሚታየውም ብርሃን ስለሚያባብሰው ነው። ሰንስክሪኑ እንደ ላጲስ ፍርፋሪ እየተጠቀለለ ከወጣ ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ያለው ክሬም አልደረቀም ማለት ነው። 3 ደቂቃ ጠብቁ፣ ሳታሹ ደልድሉት።

አንድ ችግር፣ አንድ መድኃኒት

ከላይ ያሉትን ለአንድ ወር ያህል ከያዛችሁ በኋላ ነው ሴረም የሚታሰበው፤ እሱም አንድ ብቻ። ለጥቁር ነጥብ ኒያሲናማይድ፣ ለሚቀላና ለሚቆጣ ፊት ሴንቴላ ወይም ፓንተኖል፣ ለብጉርና ለተደፈነ ቀዳዳ ሳሊሲሊክ አሲድ፣ ለፊት መጨማደድ ሬቲኖል። ሬቲኖልን ማታ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ጀምሩ፤ በእርግዝና ጊዜ ይቅር። በኮሪያ ደንብ ኒያሲናማይድ ቆዳ አጥሪ ተብሎ የሚመዘገበው ከ2 እስከ 5 በመቶ ሲይዝ ነው፤ ስለዚህ 10 በመቶ የተጻፈበትን ማሳደድ አያስፈልግም። «ሚባክ» የሚለው ቃል «ነጭ ማድረግ» ተብሎ ቢተረጎምም የሚሠራው የቀለም ነጠብጣብ ላይ ነው፤ መልክ አይቀይርም።

አዲስ ዕቃ ፊት ላይ ከማዋላችሁ በፊት በክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ ለ3 ቀን ሞክሩት። በአንድ ጊዜ ሁለት አዲስ ነገር አትጀምሩ፤ ፊታችሁ ቢቆጣ ጥፋተኛውን አታገኙትም። ቆዳ ራሱን ለመተካት 4 ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፣ ጥቁር ነጥብ ደግሞ እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል። በአምስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ መጣል ችኮላ ነው። ውኃ እንኳ ማቃጠል ከጀመረ ግን ሴረሙን ሁሉ አቁሙ፤ ለስላሳ መታጠቢያ፣ ተራ ክሬምና ሰንስክሪን ብቻ ለ2 እስከ 4 ሳምንት። ካልተሻለ ሐኪም ይየው።

ለምሳሌ የሱቡጂ ቆዳ ያለው ሰው ጠዋት በጄል ይታጠባል፣ ስኪን ሁለት ጊዜ፣ ጄል ክሬም፣ ሰንስክሪን። ማታ ዘይት፣ ጄል፣ ስኪን፣ ኒያሲናማይድ፣ ጄል ክሬም። ደረቅ ቆዳ ያለው ሰው የጠዋቱን ጄል በውኃ ይተካል፣ ክሬሙን ያወፍራል፤ ሌላው ያው ነው።

ስትገዙ ደግሞ የታተመውን ቀን አትደንግጡበት። የኮሪያ ዕቃ ቀን ከዓመት ይጀምራል፣ ወርና ቀን ይከተላሉ፤ ያለፈ ቀን ያያችሁበት ዕቃ የግድ የተበላሸ አይደለም። ከቀኑ አጠገብ ያለውን ቃል በስልክ ካሜራ አስተርጉሙት፦ «ጄጆ» ከሆነ የተመረተበት ቀን ነው፣ «ካጂ» ከሆነ እስከዚያ ቀን ድረስ ተጠቀሙ ማለት ነው። ሁለት ቀን ከታተመ ቀዳሚው የምርቱ ነው። ክዳኑ የተከፈተ የማሰሮ ሥዕል ውስጥ ያለው 12 ወይም 6 ደግሞ ከተከፈተ በኋላ የሚቆይበት ወር ስለሆነ፣ የከፈታችሁበትን ቀን ከጠርሙሱ ሥር በእስክሪብቶ ጻፉበት።