አኩዋባን ስታዩ ከፊቷ አትጀምሩ

ሙዚየም ውስጥም ሆነ ጋና ገበያ ላይ አኩዋባ የምትባለውን የእንጨት አሻንጉሊት ያየ ሰው ሁሉ ቀድሞ ፊቷ ላይ ያፈጣል። ምን ያድርግ፣ ጭንቅላቷ እንደ ሰፌድ ክብ ነው። እናንተ ግን መጀመሪያ ወደ ጎን ዞር በሉ። ከጎን ስትታይ ስስ ናት። ልጅ የምትመኝ ሴት ከጀርባዋ በጨርቅ ስለምታዝላት ጠፍጣፋነቷ ይመቻል።

አካን የሚባሉት የጋና ሕዝቦች እንደሚተርኩት፣ አኩዋ የምትባል ሴት መውለድ አቅቷት ተቸገረች። ካህኑም ትንሽ የእንጨት ልጅ አስቀርጺና እንደ እውነተኛ ልጅ ተንከባከቢያት አላት። እሷም አዘለቻት፣ አስተኛቻት፣ ጨሌ አሰረችላት። ሰፈርተኛው «የአኩዋ ልጅ» እያለ ሳቀባት፤ አኩዋባ የተባለውም ከዚህ ነው። በኋላ ሴት ልጅ ወለደችና ሳቁ ቆመ፣ ሌሎችም እሷ ያደረገችውን ማድረግ ጀመሩ። አሻንጉሊቷ ሴት የሆነችው እንዲያው አይደለም። አካኖች ዘር የሚቆጥሩት በእናት በኩል ስለሆነ፣ ሴት ልጅ ካልተወለደች የቤቱ ሐረግ ይቆማል።

አሁን ወደ ፊቷ ተመለሱ። ግንባሯ ሰፊና ከፍ ያለ፣ አፏ ደግሞ ትንሽ ሆኖ ወደ አገጯ ወርዷል። ሰፊ ግንባር እዚያ ቁንጅና ነው፤ እናቶች የጨቅላ ግንባር በእጃቸው ቀስ አድርገው የሚያስተካክሉበት ልማድም ነበር። አንገቷ ላይ የተደራረቡትን ቀለበቶች ብዙ ሰው ጌጥ ይላቸዋል። የስብ እጥፋት ናቸው፣ የጤናና የምቾት ምልክት። ጨሌ ካላት ግን እሱ እውነተኛ ጌጥ ነው፣ ምናልባትም ባለቤቷ ራሷ ያሰረችላት።

ክብ ጭንቅላት፣ ወደ ጎን የተዘረጉ አጫጭር እጆችና እግር የሌለው ድፍን ገላ ካያችሁ ከአካኖች ወገን የሆኑት የአሻንቲዎች ሥራ ናት። የሌሎቹ አካኖች፣ የፋንቴዎቹ፣ አሻንጉሊቶች ግን ጭንቅላታቸው አራት ማዕዘን ነው።

ከቻላችሁ ጀርባዋንም እዩ፤ አንዳንዱ ጠራቢ ከጭንቅላቷ ኋላ ጥሩ ቅርጽ ይሠራል፣ ከግድግዳ ጋር ካጣበቋት ግን ማን ያየዋል!

መግዛት ካማራችሁ በጋናዋ ኩማሲ ከተማ አጠገብ አህዊያ የሚባል የጠራቢዎች መንደር አለ። «የጥንት ናት» የሚል ሻጭ ሲገጥማችሁ የት እንደወዛች ተመልከቱ። ለዓመታት የታዘለችና የተዳሰሰች እጅና ጨርቅ የነካት ቦታ ላይ ትወዛለች እንጂ ከላይ እስከ ታች እኩል አትጠቁርም። አዲስ ከሆነችም ምንም ችግር የለውም፣ በአዲስ ዋጋ ግዟት።