ሜዳ አህያው የማን ነው? አምስቱ ቤቶች ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

አምስት ቤቶች ተደርድረዋል። ቀለማቸው ይለያያል። በየቤቱ የተለያየ አገር ሰው አለ። እያንዳንዱ የየራሱ መጠጥ፣ ሲጋራና እንስሳ አለው። ውሃ የሚጠጣው ማን ነው? ሜዳ አህያውስ የማን ነው? መልሱ የሚገኘው የተሰጡትን ፍንጮች በማገናኘት ነው። እንቆቅልሹ በ1962 እ.ኤ.አ. ላይፍ ኢንተርናሽናል መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር። ብዙ ሰው የሚሸነፈው ከብዶት ሳይሆን በእነዚህ ስህተቶች ነው።

ሜዳ አህያውን ፍንጮቹ ውስጥ መፈለግ። አታገኙትም። ውሃም ሜዳ አህያም አንዱም ፍንጭ ላይ አልተጠቀሱም። ሌላው ሁሉ ቦታ ቦታውን ሲይዝ የሚተርፉ ናቸው።

ፍንጮቹን ከላይ ጀምሮ በተራ መውረድ። እንግሊዛዊው ቀይ ቤት ይኖራል ይላል። እሺ፣ ቀዩ ቤት የቱ ነው? መጀመሪያ ቦታን ቁርጥ አድርገው የሚናገሩትን ያዙ። ኖርዌያዊው የመጀመሪያው ቤት ነው። ወተት የሚጠጣው መሃለኛው ቤት ነው።

«ነው»ን ብቻ መጻፍ። ለእኔ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። «አይደለም»ም መረጃ ነው፤ ቤቶቹንና የየቤቱን ነገሮች የያዘ ሠንጠረዥ ሥሩ፤ የማይሆነው ላይ ኤክስ አድርጉበት። የኖርዌያዊው ቤት ቀለም ምንድን ነው? በቀጥታ የሚነግረን የለም። ቀይ አይደለም፤ ቀዩ የእንግሊዛዊው ነው። ሰማያዊም አይደለም፤ ሰማያዊው ጎረቤቱ ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛው ቤት ሰማያዊ ሆነ። አረንጓዴው ከዝሆን ጥርስ ቀለሙ ቤት ቀጥሎ በስተቀኝ ነው ተብሏል። ከመጀመሪያው ቤት በስተግራ ቤት የለም፤ ስለዚህ አረንጓዴ አይሆንም። የዝሆን ጥርስ ቀለም ቢሆን ደግሞ ሁለተኛው አረንጓዴ መሆን ነበረበት። የቀረው ቢጫ ብቻ ነው! ቢጫው ቤት ውስጥ ኩል ይጨሳል (የዓይን ኩል አይደለም፣ ሲጋራ ነው)። አሁን መጠጡን እንይ። ሻይ የዩክሬናዊው፣ ቡና የአረንጓዴው ቤት፣ ወተት የመሃለኛው ነው። የብርቱካን ጭማቂ የሚጠጣው ላኪ ስትራይክ አጫሹ ነው። ለኖርዌያዊው ውሃ ቀረለት።

ግምትን ከእውነት ጋር መቀላቀል። አንድ ቦታ ላይ ቀዩ ቤት ሦስተኛ ወይስ አምስተኛ የሚል መንታ መንገድ ይመጣል። አንዱን መሞከር ነውር የለውም፤ ግን በእርሳስ ይሁን፣ ከየት እንደጀመራችሁም ምልክት አድርጉ። አምስተኛ ብላችሁ ከሄዳችሁ መጨረሻ ላይ ትጋጫላችሁ። ኦልድ ጎልድ አጫሹ ቀንድ አውጣ አለው ተብሏል፤ ለዚያ ሲጋራ የሚተርፉት ሁለት ሰዎች ግን አንዱ ባለ ፈረስ፣ ሌላው ባለ ውሻ ነው። ምልክት ካላደረጋችሁ የቱን እንደምታጠፉ ይጠፋችኋል።

በአንስታይን ስም መፍራት። አንስታይን በልጅነቱ ፈጠረው ይባላል። አንስታይን የተወለደው በ1879 ነው፤ ኩል ሲጋራ ገበያ የወጣው ግን በ1933። ተረት ነው።

«አጠገብ»ን «በስተቀኝ» ብሎ ማንበብ። እኔ ራሴ አንድ ሙሉ ምሽት የበላብኝ ይህ ነው። የቼስተርፊልድ አጫሹ ቀበሮ ካለው ሰው አጠገብ ይኖራል ይላል። አጫሹ ሁለተኛው ቤት ነው፤ እኔ ቀበሮውን በስተቀኙ፣ ሦስተኛው ቤት አስገባሁት። እዚያ ቀንድ አውጣዎቹ ነበሩ። ስሰርዝ ስጽፍ ወረቀቱ ተቀደደ። ቀበሮው ለካ በስተግራ፣ ኖርዌያዊው ጋ ነበር።

ሜዳ አህያውስ? አገር ስጡኝ። ... እሺ፣ የጃፓናዊው ነው።