አሮጌ ፎር ዊል ድራይቭ ይዛችሁ ረጅም ቁልቁለት ስትወርዱ

በሰሜን ሜክሲኮ፣ በሴራ ማድሬ ተራሮች ከክሪል ወደ ባቶፒላስ የሚወስደው መንገድ ከ2300 ሜትር በላይ ተነስቶ ከ600 ሜትር በታች ያወርዳችኋል። በአሮጌ ፒካፕ ፍሬን እየረገጣችሁ ከወረዳችሁ ፍሬኑ ይግላል፣ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፣ ቀጥሎ ፔዳሉን ብትረግጡትም አይይዝም።

ፎር ሎው፣ ማለትም ሞተሩ አራቱንም ጎማ በዝግታና በጉልበት የሚይዝበትን ማርሽ፣ ማስገባት ይረዳል። ግን አብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች መሃል ላይ ዲፈረንሻል፣ ማለትም የፊትና የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርግ ማርሽ፣ የላቸውም። ደረቅ አስፋልት ላይ ጠባብ ኩርባ ስትዞሩ የፊትና የኋላ ጎማዎች እኩል ስለማይሄዱ ማርሹ ይወጠራል፣ መሪው ድንጋይ ይሆናል።

መላው ይኸውላችሁ። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቁሙ። በእያንዳንዱ የፊት ጎማ መሃል ላይ ያለውን በእጅ የሚዞር መቆለፊያ፣ ሁለቱንም፣ ፍሪ ላይ አድርጉ። ከዚያ ፎር ሎው አስገብታችሁ በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ። የፊት ጎማዎቹ ከሞተሩ ስለተለያዩ እንደልባቸው ይዞራሉ፤ ሞተሩ ደግሞ የኋላዎቹን ይዞ መኪናውን ወደኋላ ይጎትታል። መሪው ይቀላል፣ ፍሬኑም ያርፋል። ሞተሩ ከመጠን በላይ መጮህ ከጀመረ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ረግጣችሁ ልቀቁት እንጂ እግራችሁን አታሳርፉበት። ፍሪሲዮን ደግሞ በፍጹም አትርገጡ፣ መኪናው ያመልጣችኋል።

ዝናብ ከጣለ ወይም መንገዱ ልል ጠጠር ከሆነ ግን መቆለፊያውን ወደ ሎክ መልሱት፤ የኋላ ጎማ ብቻ ሲያዝ መኪናው ይንሸራተታል። ይህን መላ ዳገት ላይም አትጠቀሙበት፣ ጉልበቱ ሁሉ በኋላ አክስል ላይ ወድቆ ሊሰብረው ይችላል።