ሴት ጓደኛሞች ለጉብኝት ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ፦ ጉዞውን ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው እንዴት ማሰናዳት ይቻላል

የጓደኛሞች ጉዞ በዝናብ ወይም በሻንጣ መጥፋት እምብዛም አይበላሽም። የሚበላሸው አንዷ ስለ ገንዘቧ፣ ሌላዋ ስለ እንቅልፏ፣ ሦስተኛዋ ስለ ጉልበቷ ሕመም መናገር ሲገባት ይሉኝታ ይዟት ዝም ስትል ነው። ዝምታው ውሎ ሲያድር ወደ ኩርፊያ ይለወጣል፤ ኩርፊያ ደግሞ በጠባብ የሆቴል ክፍል ውስጥ መሸሻ የለውም። ስለዚህ ከትኬትና ከሻንጣ በፊት መነጋገር ይቀድማል።

1. ትኬት ሳይቆረጥ ሦስት ጉዳዮችን ተስማሙ

ሁላችሁም ባላችሁበት፣ ከተቻለ በአካል፣ ካልተቻለ በስልክ ተነጋገሩ። በጽሑፍ መልእክት ብቻ የተደረገ ምክክር አያዛልቅም፤ አንዷ «እሺ» ብላ ስትጽፍ ከልቧ ይሁን ቅር ብሏት ማን ያውቃል?

የመጀመሪያው ጉዳይ ገንዘብ ነው። እያንዳንዷ ለጠቅላላው ጉዞ ልታወጣ የምትችለውን ከፍተኛ መጠን ስሟን ሳትጠቅስ ወረቀት ላይ ትጻፍ፤ ወረቀቶቹም ይደባለቁ። ከተጻፉት ሁሉ ዝቅተኛው የጋራ ወጪው ጣሪያ ይሁን። ስም ስለሌለበት ማንም አንገቷን አትደፋም። ከዚያ በላይ ማውጣት የምትችለው ጓደኛ የተሻለ ነገር ካማራት ለብቻዋ በምትሆንበት ሰዓት ታድርገው። በዚህ ነጥብ ላይ ማመቻመች አይገባም ባይ ነኝ። ከአቅሟ በላይ ወጪ የገባች ሴት የሚቀርብላትን እያንዳንዱን ሰሐን በሆዷ እያሰላች ስለምትውል ከተማውን አታየውም።

ሁለተኛው የቀን ውሎ ነው። ጎህ ሲቀድ መነሳት የምትወደው ማን ናት? እስከ ረፋድ ካልተኛች ቀኑን ሙሉ የሚከፋትስ? በአንድ ቀን ምን ያህል መራመድ ትችላላችሁ? አሮጌ ከተሞችን በእግር ስትጎበኙ በቀን አሥር ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ መሄድ የተለመደ ነው፤ ጉልበቷን የሚያማት ካለች ይህ ቀድሞ መታወቅ አለበት።

ሦስተኛው፣ እያንዳንዷ «ይህን ሳላይ ብመለስ ይቆጨኛል» የምትለውን አንድ ነገር ትናገር። አንድ ብቻ። ሥዕል ሊሆን ይችላል፣ ባሕር ዳርቻ፣ ገበያ ወይም ቤተ መንግሥት። የጉዞው መርሐ ግብር በእነዚህ ዙሪያ ይሠራል፤ የቀረው ሁሉ ጊዜ ከተገኘ የሚጨመር ነው።

2. ስንት ሆናችሁ እንደምትሄዱና የት እንደምታድሩ ወስኑ

አራት የተመቸ ቁጥር ነው። አራት ሰው በአንድ ታክሲ ይሄዳል፣ በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣል፣ ሁለት ክፍል ይበቃዋል። አምስት ስትሆኑ ሁለት ታክሲ ያስፈልጋል፤ አንዷም ብቻዋን አድራ የሙሉ ክፍል ዋጋ ትከፍላለች። ያን ልዩነት ሁላችሁም ተካፈሉት፤ በአንዷ ትከሻ ላይ አይውደቅ።

አፓርታማ ለመከራየት ካሰባችሁ ከአልጋው ብዛት በፊት የመታጠቢያ ቤቱን ብዛት ተመልከቱ። አራት ሴቶች በአንድ መታጠቢያ ቤት ግማሽ ግማሽ ሰዓት ቢወስዱ ሁለት ሰዓት አለፈ ማለት ነው፤ ያም የቀኑ ምርጥ ጊዜ፣ ሰልፉ አጭርና አየሩ ቀዝቃዛ የሆነበት ነው። ሰፈሩ ደግሞ ከባቡር ጣቢያ በእግር የሚደረስና ማታ መብራት ያለው ይሁን። ከመሃል ከተማ ራቅ ብሎ የተገኘ ርካሽ ቤት ትርፉን በታክሲ ይበላዋል።

3. ፓስፖርትና ቪዛ

ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ከመግቢያው ቀን ጀምሮ ቢያንስ ለ6 ወር የሚያገለግል እንዲሆን ይጠይቃሉ። በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ የሸንገን አገሮች ለውጭ ጎብኚዎች ያወጡት ደንብ ከአካባቢው ከወጡ በኋላ ለ3 ወር የሚያገለግልና ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተሰጠ እንዲሆን ያዛል። ዛሬውኑ የሁላችሁንም ፓስፖርት አንዷ ትመልከት። በትኬቱ ላይ የሚጻፈው ስምም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት።

ለሸንገን ቪዛ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው መግባት ይኖርበታል። ነገር ግን ቀጠሮ በሚበዛበት ወቅት እስከዚያ መጠበቅ አያዋጣም። ማመልከቻው የሚቀርበው ብዙ ቀን ለምትቆዩበት አገር ኤምባሲ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና መድንም ይጠየቃል። በዚህ ቪዛ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይቻልም።

ሁሉም የሚሸሸው ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሳ፦ አብራችሁ ብታመለክቱም ውሳኔው ለየራሳችሁ ነው። አንዷ ብትከለከል ሌሎቻችሁ ትሄዳላችሁ ወይስ ጉዞው ይተላለፋል? መልሱን ከማመልከታችሁ በፊት ተስማሙበት። ሆቴሉንም ያለ ቅጣት ሊሰረዝ በሚችል መንገድ ያዙ። ይህ ካልተወሰነ የተከለከለችው ጓደኛ በድርብ ትጎዳለች፤ የሄዱትም ደስታቸው ጎዶሎ ይሆናል።

4. የተዘጋ በር ፊት እንዳትቆሙ ቀኖቹን ደርድሩ

ወረቀት ላይ የጉዞውን ቀናት በተርታ ጻፉና በመጀመሪያ የሚዘጉትን ቦታዎች አስገቡ። የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ማክሰኞ ዝግ ነው፤ ኦርሴ ሙዚየም ደግሞ ሰኞ። የቫቲካን ሙዚየሞች እሑድ አይከፈቱም፤ ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በቀር። የሕንዱ ታጅ ማሃል ዓርብ ዝግ ነው። ኢስታንቡል ውስጥ የቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ማክሰኞ፣ ትልቁ ጥንታዊ ገበያ ደግሞ እሑድ ይዘጋሉ። በዓላት ይህን ስለሚለውጡት ከመሄዳችሁ በፊት የየቦታውን ድረ ገጽ እንደገና ተመልከቱ።

ከዚያ ቀድመው የሚያልቁ ትኬቶችን ግዙ። አምስተርዳም ያለው የአን ፍራንክ ቤት ትኬት በኢንተርኔት ብቻ ይሸጣል፤ በየሳምንቱ ማክሰኞ ከስድስት ሳምንት በኋላ ላለው ጊዜ ይለቀቃል፣ ወዲያውም ያልቃል። ስፔን ውስጥ ግራናዳ ከተማ ባለው ጥንታዊ ምሽግ፣ በአልሃምብራ፣ ወደ ናስሪድ ቤተ መንግሥቶች የምትገቡበት ሰዓት ትኬቱ ላይ ተጽፏል፤ ስማችሁም እንዲሁ፤ ስለዚህ ፓስፖርት ይዛችሁ ሂዱ። የሮም ኮሎሲየምም ትኬት በስም ነው። አንዷ ለሁሉም የምትገዛ ከሆነ የእያንዳንዷን ስም ከፓስፖርቱ ላይ እያየች ትጻፍ፤ የቁልምጫ ስም በር ላይ ዋጋ የለውም።

በአንድ ቀን ከሁለት ትልልቅ ቦታ በላይ አትያዙ፤ አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ከምሳ በኋላ። በመካከል ያለው ክፍት ጊዜ ለመቀመጥና በአጋጣሚ ወዳያችሁት መንገድ ለመታጠፍ ይሁን።

5. የጋራ ቦርሳ አዘጋጁ

ለእኔ የዚህ ሁሉ ዝግጅት እምብርት ይህ ነው። በደረሳችሁበት ቀን ሁላችሁም እኩል ገንዘብ በአገሩ ኖት አዋጡና አንዲት ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ክተቱ። ገንዘብ ያዥ ምረጡ፤ ቁጥር የማይሰለቻት ትሁን። ከቦርሳው የሚከፈለው ለታክሲ፣ ለባቡር፣ ለውኃ፣ አብራችሁ ለምትበሉት ምግብና ለጉርሻ ነው። ልብስ፣ ስጦታና አንዷ ብቻ ያዘዘችው መጠጥ ከዚህ አይወጣም። ሲያልቅ እንደገና እኩል ይዋጣል። በካርድ ለተከፈሉት እንደ ሆቴልና ትኬት ላሉት ትልልቅ ወጪዎች ስፕሊትዋይዝን የመሰለ የስልክ መተግበሪያ ማን ለማን ስንት እንዳለባት ራሱ ያሰላል።

ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ተቀመጡ። ገንዘብ ያዧ ደረሰኞቹን ዘርግታ ጮክ ብላ ታንብብ፦ ታክሲ ይህን ያህል፣ ምሳ ይህን ያህል፣ የቀረው ይህ። «እኔ ምሳ ላይ አልነበርኩም» የምትል ካለች እዚያው ይስተካከል። በየማታው የተጣራ ሂሳብ ቂም አይቋጥርም። «ተይው፣ ስንመለስ እናያለን» የተባለ ግን ሲመለሱ ማንም አያስታውሰውም፤ የከፈለችው ብቻ ታስታውሰዋለች።

በካርድ ስትከፍሉ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማሽኑ ሁለት መጠን ጎን ለጎን ሊያሳያችሁ ይችላል፤ አንዱ በአገሩ ገንዘብ፣ ሌላው ካርዳችሁ በወጣበት አገር ገንዘብ። የምታውቁት ገንዘብ ዓይን ይስባል፤ ሻጩም ጣቱን ወደዚያ ሊሰድ ይችላል። ሁልጊዜ የአገሩን ገንዘብ ምረጡ። በራሳችሁ ገንዘብ ስትከፍሉ ምንዛሪውን የሚያሰላው የማሽኑ ባለቤት ወገን ስለሆነ በአብዛኛው የራሱን ትርፍ ይጨምርበታል። ኤቲኤምም ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠይቃል፤ መልሱ አንድ ነው።

6. የዕለቱን መሪ በተራ ሹሙ

ይህን ሁኔታ አስቡት፦ ከቀትር በኋላ ነው፣ ሁላችሁም ርቧችኋል፣ መንገድ ዳር ቆማችኋል። «የት እንብላ?» ስትል አንዷ፣ «ለእኔ ሁሉም እኩል ነው» ትላለች ሁለተኛዋ። «እናንተ ካላችሁ» ትላለች ሦስተኛዋ። አራተኛዋ ስልኳን እያገላበጠች ምግብ ቤት ትፈልጋለች። ግማሽ ሰዓት ያልፋል፤ በመጨረሻ ማንም ያልወደደው ቦታ ትገባላችሁ። ሁሉም ለሌላው አስቦ ነው ይህ የሆነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። በየቀኑ አንዷ መሪ ትሁን፤ የምሳውን ቦታ፣ የምትሄዱበትን መንገድና የማረፊያውን ሰዓት እሷ ትወስን። በዚያ ቀን ሌሎቻችሁ ተከተሉ፣ አታማርሩ። ነገ ተራው የሌላዋ ነው። ዝምተኛዋ ጓደኛችሁ በተራዋ ማንም ያላሰበውን የሚያምር ሰፈር ይዛችሁ ልትሄድ ትችላለች።

በጉዞው አጋማሽ ላይ ደግሞ ግማሽ ቀን ተለያዩ። አብሮ መምጣት ሁልጊዜ አብሮ መዋልን አያስገድድም። የምትተኛዋ ትተኛ፣ ገበያ የምትወደው ገበያ ትሂድ። በትልቅ ሙዚየም ውስጥም ይኸው ይሠራል። ሉቭር ሪሽልዩ፣ ሱሊና ደኖን የሚባሉ ሦስት ክንፎች አሉት፤ ሞና ሊዛ ያለችው በደኖን ነው። ሥዕሉን ለማየት መጋፋት የማትፈልገው ወደ ሌላኛው ክንፍ ሄዳ፣ በተቀጠረው ሰዓት ከመስታወቱ ፒራሚድ ሥር ተገናኙ። ስልክ ባትሪ ሊጨርስ ስለሚችል የመገናኛው ቦታና ሰዓት አፍ ለአፍ ይነገር። አንዷ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከዘገየች ሁሉም ወደ ሆቴሉ ይመለሱ፤ ይህም ቀድሞ ይታወቅ።

7. ሻንጣ

የፀጉር ማድረቂያ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥንና የሶኬት መቀየሪያ ለሁላችሁም አንድ አንድ ይበቃል፤ ማን ምን እንደምትይዝ ተከፋፈሉ። የኤሌክትሪኩ ኃይል ከአገር አገር ይለያያል፤ አውሮፓ 230 ቮልት ሲሆን ጃፓን 100 ነው፤ ለ230 ቮልት ብቻ የተሠራ የፀጉር ካውያ ጃፓን ውስጥ በቅጡ አይሞቅም። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም፤ እስከ 100 ዋት ሰዓት በአብዛኛው ይፈቀዳል፤ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚለው የተለመደው ዓይነት 74 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። አየር መንገዳችሁ የራሱ ተጨማሪ ደንብ ሊኖረው ስለሚችል ጠይቁ።

አዲስ ጫማ አትያዙ። ሰፊ ሻርፕ ግን እያንዳንዳችሁ ያዙ። ሮም ውስጥ ባለችው ቫቲካን በሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፤ በኢስታንቡል መስጊዶች ፀጉርም ይሸፈናል፣ ጫማም ይወልቃል። ያች ሻርፕ በአውሮፕላን ውስጥም ብርድ ትከላከላለች።

8. ደኅንነት

የፓስፖርታችሁን ቅጂ አንዷ የሌላዋን ትያዝ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ነው። የክፍል ቁጥራችሁን የሆቴሉ ሠራተኛ ጮክ ብሎ ከተናገረ ሌላ ክፍል መጠየቅ መብታችሁ ነው። የካይሮና የዴልሂ የምድር ባቡሮች ለሴቶች ብቻ የተለዩ ፉርጎዎች አሏቸው፤ በቶኪዮም በሥራ ቀን ጠዋት በሚጨናነቅበት ሰዓት ብዙ መስመሮች ላይ ይገኛሉ። ተጠቀሙባቸው።

መንገድ ላይ ክር ክንዳችሁ ላይ ሊያስር የሚጠጋ ወይም ፈርሙልኝ ብሎ ወረቀት የሚዘረጋ ሰው ሲገጥማችሁ አትቁሙ፤ አንዱ ሲያነጋግር ሌላው ቦርሳ ይከፍታል። ማታ ስትወጡ ደግሞ አብራችሁ ወጥታችሁ አብራችሁ ተመለሱ። አንዷ ልትቀር ብትፈልግ እንኳ ብቻዋን አትቅር፤ ይህ ሕግ ሳትወጡ በፊት የተስማማችሁበት ከሆነ ሲተገበር ማንንም አያስቀይምም።

9. ስትመለሱ

ሻንጣ ተሰብሮ ቢደርስ ከአየር ማረፊያው ሳትወጡ አስመዝግቡ። የአየር መንገዶችን ኃላፊነት በሚደነግገው ዓለም አቀፍ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ለተበላሸ ሻንጣ የጽሑፍ አቤቱታ በ7 ቀን፣ ዘግይቶ ለደረሰ ደግሞ ከተረከባችሁት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት።

የጋራ ቦርሳው ውስጥ የተረፈውን መመለሻው አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት ተካፈሉ፤ በመተግበሪያው ላይ የቀረ ዕዳም በዚያው ሳምንት ይከፈል። ፎቶግራፎቹን በአንድ የጋራ አልበም ሰብስቡ። ወደ ማኅበራዊ ገጽ ከማውጣታችሁ በፊት ግን በፎቶው ላይ ያለችውን ሁሉ ጠይቁ፤ «አይሆንም» ካለች ምክንያቷን አትጠይቋት።