በየካቲት ወደ ጣሊያን ለሚጓዝ ሰው፦ ከአልፕስ እስከ ሲሲሊ የሚጠብቀው አየር

ጣሊያን ከሰሜን ተራሮቿ እስከ ደቡብ ደሴቶቿ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የምትረዝም አገር ስለሆነች፣ በየካቲት ወር የአገሪቱ አየር እንዴት እንደሆነ በጥቅሉ መጠየቅ ለመንገደኛ ብዙም አይጠቅመውም። ሻንጣ ከመታሰሩ በፊት መታወቅ ያለበት የትኛው ከተማ እንደሚሄዱና በምን ዓይነት ቤት እንደሚያድሩ ነው፤ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው የማያንስ መሆኑን ብዙ ሰው የሚረዳው ግን ከደረሰ በኋላ ነው።

ከአዲስ አበባ በቀጥታ ሚላን የሚያርፍ ሰው ቀን ወደ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስ፣ ሌሊት ደግሞ ወደ ዜሮ የሚጠጋ አየር ይጠብቀዋል። የኅዳርን ሌሊት የለመደ የአዲስ አበባ ሰው ቁጥሩን አይቶ ሊንቀው ይችላል፤ ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ብርዱ ይሰበራል፣ እዚያ ግን እርጥበቱ ቀኑን ሙሉ አይለቅም። ሚላን ያለችበት የፖ ወንዝ ሜዳ በሰሜንና በምዕራብ በአልፕስ፣ በደቡብ በአፔኒን ተራሮች የታጠረ በመሆኑ ነፋስ እምብዛም አይገባውም፤ ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ይተኛል፣ ከበላዩም ሞቅ ያለ አየር እንደ ክዳን ይደፋበታል፣ ጉሙና የከተማው ጭስም በዚያው ታፍኖ ለቀናት ይቆያል። ስለዚህ በማለዳ በመኪና የሚጓዙ ከሆነ ጉሙ እስኪገልጥ ይጠብቁ፤ በሚላን በኩል ሌላ በረራ የሚቀጥሉ ከሆነም በሁለቱ በረራዎች መካከል ሰፋ ያለ ጊዜ ይተዉ።

በሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ባለችው የወደብ ከተማ በትሪየስቴ ነገሩ ሌላ ነው። ቦራ የተባለው ደረቅና ቀዝቃዛ ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ ሲወርድ ፍጥነቱ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ስለሚችል ጃንጥላ ከንቱ ነው፤ የሚያስፈልገው ኮፍያው የሚታሰር፣ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ነው። ቬኒስ እርጥበቷ አጥንት ድረስ ይሰማል እንጂ ጎርፉን ያን ያህል መፍራት አያስፈልግም፤ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ ከፍተኛ ማዕበል ሲተነበይ ሞዜ የተባለው ተንቀሳቃሽ የባሕር ግድብ ይነሣል።

በአልፕስ በረዶው ገና ወፍራም ነው፤ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ግን ከበረዶው የሚያንጸባርቀው ፀሐይ ፊትን ስለሚያቃጥል የፀሐይ መነጽርና ቅባት ከጓንት እኩል ያስፈልጋሉ። መኪና የሚከራዩ ከሆነ፣ በብዙ መንገዶች ከኖቬምበር 15 እስከ አፕሪል 15 የበረዶ ጎማ መግጠም ወይም ሰንሰለት መያዝ ግዴታ መሆኑን አስበው ቁልፉን ከመረከብዎ በፊት ይጠይቁ።

ሮም ቀን 13 ወይም 14 ዲግሪ ትደርሳለች፣ ሌሊት ወደ 4 ትወርዳለች። በረዶ ብርቅ ነው፤ በፌብሩዋሪ 2012 እና 2018 እንደሆነው ሲጥል ግን የከተማው እንቅስቃሴ ይስተጓጎላል። ዘወትር የሚያጋጥመው ዝናብ ነው፤ ሲዘንብ የመሐል ከተማው ጥቁር የድንጋይ ንጣፍ ክፉኛ ስለሚያንሸራትት፣ ውሃ የማያስገባና ሶሉ የሚይዝ ጫማ ከማናቸውም ካፖርት በፊት ሊታሰብበት ይገባል።

ብዙ መንገደኛ የሚታለለው ደቡብ ላይ ነው። የሲሲሊ ዋና ከተማ ፓሌርሞ ቀን 15 ዲግሪ ገደማ ስለሆነች፣ በዚያው ደሴት በአግሪጀንቶ በኩልም የለውዝ ዛፎች በዚህ ወር ስለሚያብቡ፣ ወፍራም ልብስ ቤት ጥሎ መሄድ ያምራል። ሆኖም የጣሊያን ሕግ አገሪቱን እንደ አየር ጠባይዋ ከኤ እስከ ኤፍ በስድስት ቀጠና ከፍሎ፣ የመኖሪያ ቤት ማሞቂያ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀንና በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ይወስናል፤ በመደበኛው ደንብ ሚላን በቀን እስከ 14 ሰዓት፣ ሮም እስከ 12 ሰዓት ሲፈቀድላቸው ፓሌርሞ የሚፈቀድላት 8 ሰዓት ብቻ ነው። በዚያ ላይ የደቡቡ አሮጌ ቤት ወፍራም ግድግዳውና የሸክላ ወለሉ የተሠሩት ለበጋው ሙቀት ነው፤ በዚህ ምክንያት ከሚላኑ ተከራይ ይልቅ በሲሲሊው ክፍል ውስጥ የሚንቀጠቀጠው እንግዳ ቢበዛ አያስደንቅም። አፓርታማ ከመከራየትዎ በፊት ማሞቂያ መኖሩን ብቻ ሳይሆን በየትኞቹ ሰዓታት እንደሚበራ አከራዩን ይጠይቁ፤ የሌሊት ሹራብና ወፍራም ካልሲም ይያዙ። ሲሮኮ የተባለው ነፋስ ከሰሃራ በኩል ሲነፍስ ደግሞ ሙቀቱ በድንገት ይጨምራል፣ አሸዋውም ሰማዩን ያደፈርሳል፤ ዓይንዎ ወይም ሳንባዎ የሚያስቸግርዎ ከሆነ መድኃኒትዎን አይርሱ።

በልብስ በኩል፣ ባቡርና ሱቅ ውስጥ ስለሚሞቅ፣ ከአንድ ከባድ ካፖርት ይልቅ የሚደራረቡ ስስ ልብሶችና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ይሻላሉ። ካፖርት የግድ ከሆነ እዚያው ደርሶ መግዛት አያከስርም፤ ሳልዲ የተባለው የቅናሽ ሽያጭ በጃንዋሪ መጀመሪያ ጀምሮ ለሳምንታት ስለሚዘልቅ፣ በየካቲት የክረምት ልብስ ዋጋ ወርዶ ይገኛል። ጉዞዎ እስከ ማርች መጨረሻ የሚዘልቅ ከሆነ፣ በወሩ የመጨረሻ እሑድ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚገፋ ከኢትዮጵያ ጋር ያለው የሁለት ሰዓት ልዩነት ወደ አንድ ይወርዳል፤ የመመለሻ በረራዎን ሰዓት በዚያው ልክ ያረጋግጡ።