ኮምፒውተሩ ዕረፍት ሲነሣ፦ የማሳወቂያ ጫጫታ ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚዘጋ

ፒያሳ ባለ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ደንበኛው ማመልከቻ እያስጻፈ ነው እንበል። ከስክሪኑ ቀኝ ጥግ የባለቤቱ የቴሌግራም መልእክት ብቅ ይላል፤ ደንበኛውም ሳይፈልግ ያነበዋል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ደግሞ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያቀርብ ፕሮጀክተሩ ላይ «ኮምፒውተርዎ 5 ቫይረስ ተገኝቶበታል» የሚል ሣጥን ይወጣል። ሁለቱ ሣጥኖች ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ መነሻቸውና መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። ይህን ሳይለይ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚዘጋ ሰው፣ ከሁለት ቀን በኋላ የሚጠብቀው መልእክት ያልፈውና ተናዶ ሁሉንም መልሶ ይከፍታል።

ማሳወቂያ ስክሪን ላይ የሚደርሰው በሦስት በር ነው፦ በዊንዶውስ፣ በብራውዘር፣ አለዚያም እንደ ቴሌግራም ባለ በራሱ መስኮት በሚያወጣ ፕሮግራም። ስለዚህ እጅ ከመሰንዘር በፊት የሣጥኑን አናት ያንብቡ፤ የላኪው ስም እዚያ አለ። «ጉግል ክሮም» ብሎ የድረ ገጽ አድራሻ ካስከተለ በሩ ብራውዘሩ ነው። ሣጥኑ ሳይነበብ ካለፈ ዊንዶውስ 11 ላይ የዊንዶውስን ቁልፍና የኤን (N) ፊደልን፣ ዊንዶውስ 10 ላይ የዊንዶውስን ቁልፍና የኤይ (A) ፊደልን አብረው ይጫኑ። ያመለጡት በየላኪያቸው ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ከዚህ በታች ያለው ለዊንዶውስ 11 ነው፤ ዊንዶውስ 10 የሚለይበትን ቦታ በየመሐሉ እንጠቁማለን። የሜኑ ስሞቹን ስክሪኑ ላይ እንደሚነበቡት በድምፃቸው ጽፈናቸዋል።

«ቫይረስ ተገኝቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ በየደቂቃው ይወጣል፤ ክሮም ተዘግቶም አይተውም

ይህ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ አይደለም። ፊልም የሚወርድበት ወይም ኳስ በቀጥታ የሚታይበት አንድ ገጽ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው (ፍቀድ) የሚለውን ይጫኑ» ብሎ ነበር፤ ተጫኑት። የተጫኑት ግን ማረጋገጫ ሳይሆን ማሳወቂያ የመላክ ፈቃድ ነው። ገጹ ከዚያን ቀን ጀምሮ የፈለገውን ማስታወቂያ የታወቀ ጸረ ቫይረስ መልክ አልብሶ ይልካል። ሣጥኑን በኤክስ መዝጋት ያንኑ አንዱን ብቻ ነው የሚያጠፋው፤ ፈቃዱ እንዳለ ነው።

መፍትሔው ፈቃዱን መንሣት ነው። ክሮም ውስጥ ከላይ በቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች፣ ቀጥሎ ሴቲንግስን፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲን፣ ሳይት ሴቲንግስን፣ መጨረሻ ላይ ኖቲፊኬሽንስን ይክፈቱ። ወደ ታች ሲወርዱ እንዲልኩ የተፈቀደላቸው ገጾች ዝርዝር አለ። የማያውቁት አድራሻ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ጠቅ አድርገው ብሎክ ይበሉ። ሪሙቭ የሚለውም ከዝርዝሩ ያወጣዋል፤ ሆኖም ገጹ በሌላ ቀን እንደገና ፈቃድ እንዲጠይቅ በሩን ክፍት ይተውለታል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ብሎክ ይሻላል። እዚያው ገጽ አናት ላይ ማንም ገጽ ፈቃድ እንዳይጠይቅ የሚከለክል ምርጫ አለ፤ ብዙ ሰው በሚቀመጥበት የኢንተርኔት ቤት ማሽን ላይ ያለ ማመንታት ይምረጡት። ፋየርፎክስ ላይ ይኸው ነገር ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ ፐርሚሽንስ ከሚለው ሥር ይገኛል።

ክሮም ተዘግቶ ሳለ ለምን ይመጣል? መስኮቱ ቢዘጋም ፕሮግራሙ ከጀርባ መሥራቱን ስለሚቀጥል ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም ላይ፣ ክሮም ከተዘጋ በኋላ ከጀርባ መሥራት እንዲቀጥል የሚፈቅደውን የመጀመሪያውን ማብሪያ ያጥፉ። ማሽኑ ትንሽ ራምም ይተርፈዋል።

ከሣጥኑ ገብተው ፋይል አውርደው ከፍተው ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ይክፈቱ፤ ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን፣ ከዚያ ስካን ኦፕሽንስ ውስጥ ገብተው ፉል ስካን ያስጀምሩ። ረጅም ሰዓት ይወስዳል፤ ማታ ቢያስጀምሩት ይሻላል።

ዊንዶውስን ዝም አሰኝተውት ቴሌግራም አልሰማ ይላል

ቴሌግራም ዴስክቶፕ የዊንዶውስን ሣጥን ሳይጠቀም የራሱን መስኮት ማውጣት ይችላል። እንዲያ ሲሆን የዊንዶውሱ ዝምታ፣ ማለትም ከታች የምናየው ዱ ኖት ዲስተርብ (አትረብሹኝ)፣ ላያገኘው ይችላል። ከላይ በግራ ያሉትን ሦስት መስመሮች፣ ሴቲንግስን፣ ኖቲፊኬሽንስ ኤንድ ሳውንድስን ይክፈቱ። ወደ ታች ወርደው የዊንዶውስን ማሳወቂያ እንዲጠቀም የሚያዘውን ያብሩ፤ ከዚህ በኋላ የዊንዶውሱ ትእዛዝ ለእሱም ይሠራል።

እዚያው ገጽ ላይ የግል መልእክት፣ ግሩፕና ቻናል ለየብቻ ማብሪያ አላቸው። ቻናሎችን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ማንንም አይጎዳም፤ ዜናው ሲፈልጉት እዚያው አለ። ግሩፖችንም አጥፍተው የሥራውን ወይም የክፍሉን ግሩፕ ብቻ በልዩነት ማስገባት ይቻላል። ግሩፕ የሚለውን ማብሪያ ከፍተው ውስጡ አድ አን ኤክሴፕሽን የሚለውን ይፈልጉ። የዕድሩና የሠፈሩ ግሩፕ ዝም ሲል «ምነው ጠፋህ» የሚል ወቀሳ መምጣቱ አይቀርም፤ እሱን ሴቲንግስ አይፈታውም።

«ሚውት አድርጌው ነበር፤ ግን ይጮሃል» የሚባልም አለ። ሚውት በተደረገ ግሩፕ ውስጥም ስምዎን ጠርቶ የጻፈ ወይም ለእርስዎ መልእክት ምላሽ የሰጠ ሰው ማሳወቂያ ያስነሣል። አዲስ ሰው ቴሌግራም ሲከፍት የሚመጣውና መልእክት ከላይ ሲሰካ የሚመጣው ደግሞ ኢቨንትስ ከሚለው ሥር ለብቻቸው ይጠፋሉ። ግሩፑን አርካይቭ አድርገው ተመልሶ ከላይ ብቅ ካለም የተበላሸ ነገር የለም፤ አርካይቭ ውስጥ የሚቆየው ሚውት የተደረገ ውይይት ነው። በቀኝ ጠቅ አድርገው መጀመሪያ ሚውት ፎርኤቨር፣ ከዚያ አርካይቭ ያድርጉት።

ደንበኛ አጠገብዎ ቆሞ በሚያይበት ቤት፣ ማሳወቂያውን ማጥፋት ካልፈለጉ የላኪውን ስምና የመልእክቱን ጽሑፍ የሚያሳዩትን ሁለት ምልክቶች ያንሡ። መልእክት መምጣቱ ይታወቃል፤ ምን እንደሚል ግን አይነበብም።

ዝምታው በተሳሳተ ሰዓት ይመጣል

ይህ የእኛ አገር ችግር ነው። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ኖቲፊኬሽንስ ውስጥ ዱ ኖት ዲስተርብ በሰዓት እንዲበራ ማዘዝ ይቻላል፤ በዊንዶውስ 10 ይህ ፎከስ አሲስት ይባላል። ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት መሥራት የፈለገ ሰው 2:00 እና 6:00 ብሎ ይሞላል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ግን የፈረንጁን ሰዓት ነው። 2:00 ኤኤም ለእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ 6:00 ኤኤም ደግሞ ንጋት 12 ሰዓት ነው። ማሽኑ ሰው በተኛበት ዝም ይልና ሥራ ሲጀመር መጮህ ይጀምራል።

መሙላት ያለብዎት 6 ሰዓት ጨምረው ነው። ጠዋት 2 ሰዓት 8:00 ኤኤም፣ ቀትር 6 ሰዓት 12:00 ፒኤም ይሆናል። ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት 2:00 ፒኤም፣ 11 ሰዓት ደግሞ 5:00 ፒኤም ነው። በተለይ 12:00 ላይ ይጠንቀቁ፤ ኤኤም ካሉት እኩለ ሌሊት ይሆናል።

ሰዓቱ ትክክል ተሞልቶም ከተዛባ፣ የሰዓት ቀጠናውን ያረጋግጡ። ዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ የሚል የለም፤ ትክክለኛው ዩቲሲ +03:00 ናይሮቢ የሚለው ነው። ታይም ኤንድ ላንጉጅ፣ ዴት ኤንድ ታይም ውስጥ ያገኙታል፤ ሲንክ ናው የሚለውም እዚያው ነው።

አሁንም መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ዓመታት ከተመለሰ፣ ክሮምም ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል እያለ ገጽ ከከለከለ፣ ጥፋቱ የማዘርቦርዱ ባትሪ ነው። ዴስክቶፕ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሲአር 2032 የሚባለው፣ 3 ቮልት፣ ሳንቲም የመሰለው ነው። ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፤ የማብሪያ ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፤ ከዚያ ባትሪውን የያዘችውን ትንሽ ብረት ገፋ አድርገው ያውጡት። አዲሱ ሲገባ የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ይሁን። ላፕቶፕ ላይ ባትሪው ገመድ ያለው ሊሆን ስለሚችል ለጥገና ባለሙያ ይተዉት።

መብራትና ኔትወርክ አብረው ሲመለሱ ደግሞ የተጠራቀመው ሁሉ በአንዴ ይዘንባል። ዋይፋዩን ከማገናኘትዎ በፊት የዊንዶውስን ቁልፍና ኤንን ተጭነው ከላይ ያለችውን የደወል ምልክት አንድ ጊዜ ጠቅ ያድርጉ። መልእክቶቹ ይገባሉ፤ ስክሪኑ ላይ ግን አይዘሉም።

ፕሮጀክተር ላይ መልእክት ይወጣል

ዊንዶውስ ፕሮጀክተር ሲሰካ በራሱ ዝም የሚልበት ደንብ አለው፤ ደንቡ የሚሠራው ግን ስክሪኑ ዱፕሊኬት ሲሆን፣ ማለትም ሁለቱም አንድ ዓይነት ሲያሳዩ ነው። ኤክስቴንድ ከሆነ፣ ማለትም ለየብቻ የሚያሳዩ ከሆነ አይነቃም። የዊንዶውስን ቁልፍና የፒ (P) ፊደልን ተጭነው ዱፕሊኬትን ይምረጡ። ማስታወሻዎን ላፕቶፑ ላይ ለማየት ኤክስቴንድ የግድ ካስፈለገዎ ዱ ኖት ዲስተርብን ከመግባትዎ በፊት በእጅዎ ያብሩት፤ ቴሌግራምን ደግሞ ከሰዓቱ ጎን ካለው ትንሽ ምልክቱ በቀኝ ጠቅ አድርገው ኩዊት ይበሉት። መስኮቱን መዝጋት ብቻ አያስወጣውም።

ሣጥን የለም፤ ድምፅ ብቻ ይሰማል

መጀመሪያ ድምፁ ከኮምፒውተሩ መሆኑን ያረጋግጡ። መብራት ጠፍቶ በየጥቂት ሰከንዱ ጢጥ የሚለው ዩፒኤሱ ነው፤ በባትሪ እየሠራ መሆኑን እየነገረዎት ነው። ድምፁ ሳይቋረጥ ከጮኸ ባትሪው ሊያልቅ ነውና ሥራዎን አስቀምጠው ማሽኑን ያጥፉ። ይህን ድምፅ ማፈን አይመከርም።

ከፍ ዝቅ የሚል ጥንድ ድምፅ እየተደጋገመ ከሆነ አንድ የዩኤስቢ ዕቃ እየተነቀለ እየተሰካ ነው፦ የላላ የማውስ ገመድ፣ የፕሪንተር ገመድ ወይም ፍላሽ። ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰክተው ይሞክሩ። ሌላው ድምፅ ሁሉ ሲስተም ሳውንድስ ሲሆን፣ ሳውንድ ውስጥ ቮልዩም ሚክሰር ላይ ለብቻው ዝቅ ይላል፤ ሙዚቃዎ አይነካም።

ታስክባሩ ላይ ብርቱካናማ ብልጭታ ከቀረ ደግሞ ፐርሰናላይዜሽን፣ ታስክባር፣ ታስክባር ቢሄቪየርስ ውስጥ ባጅ የሚያሳየውንና ፍላሺንግ የሚለውን ምልክት ያንሡ።

አማርኛ ሲጻፍ ስቲኪ ኪይስ የሚል ሣጥን ይወጣል

ብዙ የአማርኛ ፊደል በሺፍት ነው የሚጻፈው። ፊደሉን እያሰቡ ሺፍትን ብቻውን 5 ጊዜ ከተጫኑት ዊንዶውስ አጋዥ ቁልፍ የፈለጉ ይመስለዋል። የቀኙን ሺፍት 8 ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ደግሞ ፊልተር ኪይስ የተባለውን ይጠራል። የሚወጣውን ሣጥን ሳያነቡ የስ ካሉት ኪቦርዱ «የተበላሸ» ይመስላል፤ ለዚህ ብሎ ኪቦርድ መቀየር ብር ማባከን ነው። አክሰሲቢሊቲ፣ ኪቦርድ ውስጥ ገብተው ለሁለቱም ኪቦርድ ሾርትከት የሚለውን ያጥፉ። ዊንዶውስ 10 ላይ ቦታው ኢዝ ኦፍ አክሰስ ይባላል።

ዊንዶውስ ራሱ ምክር እየሰጠ፣ ሪስታርት አድርግ እያለ ይጨቀጭቃል

ኖቲፊኬሽንስ ገጽ መጨረሻ ላይ አዲሽናል ሴቲንግስ አለ፤ ውስጡ ያሉትን የምክርና የማስተዋወቂያ ምልክቶች ሁሉ ያንሡ፤ አንዱም አይጠቅምም። ለሪስታርቱ ዊንዶውስ አፕዴት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ አክቲቭ አወርስን በሥራ ሰዓትዎ ይሙሉ፤ እዚህም 6 ሰዓት መጨመሩን አይርሱ። እስከ 18 ሰዓት ድረስ ይፈቅዳል። አፕዴትን ጨርሶ ማጥፋት ግን አይመከርም።

አሁን ደግሞ የሚፈለገው መልእክት አይታይም

የተገላቢጦሹ ችግር ነው። ከሰዓቱ ጎን ያለችው ደወል የእንቅልፍ ምልክት ካላት ዱ ኖት ዲስተርብ ሳይጠፋ ቀርቷል። በእጅ ያልበራ ከሆነም ራሱን የሚያበራው ደንብ አለ፤ ዩቲዩብ ስክሪኑን ሞልቶ ሲታይ፣ ጌም ሲከፈት ዝም ይላል። ተርን ኦን ዱ ኖት ዲስተርብ ኦቶማቲካሊ ውስጥ የማይፈልጉትን ምልክት ያንሡ።

የጥምቀት ሰሞን፣ ጥር 11 ሲቃረብ፣ የሆቴል መቀበያ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉንም ቢዘጋ የክፍል ጥያቄ ያመልጠዋል፤ ሁሉንም ቢከፍት ደግሞ እንግዳ ማስተናገድ አይችልም። ለእንዲህ ያለው ቦታ ሴት ፕራዮሪቲ ኖቲፊኬሽንስ የሚለውን ይክፈቱ፤ አድ አፕስ በሚለው፣ የክፍል ጥያቄ የሚመጣበትን አንዱን ፕሮግራም ብቻ ያስገቡና ዱ ኖት ዲስተርብን አብርተው ይተዉት። በብራውዘር ክሮም ላይ የሚመጣ ከሆነ ክሮምን ያስገቡ፤ ከዚያ በፊት ግን ከላይ እንደተባለው የክሮምን የፈቃድ ዝርዝር ያጽዱ፤ አለዚያ የቫይረሱ ሣጥንም አብሮ ይገባል።